የማርያም ሙክትና የበቆሎ ጸጉር

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። በኋላ እንዳትታዘቡኝ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። መብረቅ እፈራለሁ። ያልተከደነ ጉድጓድ እፈራለሁ። ወረታ መገንጠያው ላይ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መኪና ሲተላለፍ አስፋልቱን የምሻገረው ሦስት ጊዜ አማትቤ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሼ ነው። ልጄ ብርቄ ሕፃን ሳለች ወተቱ ትኩስ ነው ብዬ እፍ እፍ እያልሁ አቀዘቅዘዋለሁ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ሆዷን ይቆርጣታል ብዬ እሳት ላይ እመልሰዋለሁ። እንዲህ ስመላልሰው ልጅቱን እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ወተቱን ድመቷ ትጠጣዋለች። ድመቷ በጣም ወፍራም ነበረች።

ይህን ሁሉ ስፈራ ስኖር ግን የበግ ሽንት ፈርቼ አላውቅም ነበር። ማንስ ይፈራዋል? በጉ ይሸናል፣ ሰው ይጠርጋል፣ አለቀ። ዘንድሮ ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ ጧት ዓይኔን ስገልጥ ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ የሚመጣብኝ ሐሳብ «ሸንቶ ይሆን?» የሚል ነበር። አንዳንድ ቀንማ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ከአባታችን ሆይ ይቀድም ነበር።

ነገሩ የመጣው ከስለት ነው። ብርቄ ካገባች በኋላ ስድስት ዓመት ልጅ አልሆነላትም። እኩዮቿ ሁለት ሦስት ሲያስከትሉ እሷ በየሰዉ ክርስትና እየሄደች የሰው ልጅ ታቅፋ ትመለስ ነበር። አንጀቴ አልችል ሲል ሄጄ የደብራችን ማርያም ደጅ ተደፋሁ። መሳልማ ሁሉም ይሳላል። ሌላው ሰው «በግ አስገባለሁ» ወይም «ጥላ አስገባለሁ» ብሎ አጭር አድርጎ ይነሣል። እኔ ግን አፌ አንዴ ከተከፈተ መዝጊያው ይጠፋብኛል። «እመቤቴ፣ ብርቄን ዘጠኝ ወር አሸክመሽ በሰላም ካገላገልሽልኝ፣ እኔም ዘጠኝ ወር በገዛ እጄ ያደለብሁትን፣ ላቱ መሬት የሚጠርግ ሙክት ለጥር ማርያም ይዤልሽ እመጣለሁ» አልሁ። ማን ጠይቆኝ? «በገዛ እጄ» ያልሁ እኔ፤ «ዘጠኝ ወር» ያልሁ እኔ፤ መሬት የሚጠርግ ላት ያመጣሁም እኔ።

ብርቄ ወለደች። ሴት ልጅ ናት፣ ጉንጯ እንደ እንጎቻ የተነፋ፤ ስጦታ አልናት። እኔም ቃሌን ልፈጽም አንድ ሙክት ያዝሁና ማድለብ ጀመርሁ። የፎገራ ሰው ነኝና የማበላው የሩዝ ፉርሽካ ነው፤ ሩዙ ሲፈተግ የሚወጣውን እንደ ዱቄት የላመ ነገር። እሱ እንደ ጉድ ያደልባል። ውሃ ግን በሲኒ ነበር የምሰጠው ብል ይቀላል። ውሃ የበዛበት በግ ስቡ ይቀጥናል ብዬ ነው። ማን እንደነገረኝ አላውቅም፤ ራሴ ሳልሆን አልቀርም።

የጥር ማርያም ስምንት ቀን ሲቀራት ሙክቴ ጀርባውን አጎበጠ። ቆሞ ያምጣል፤ ጭራው ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሱን ያፋጫል፤ አንዲት ጠብታ የለም። እኔ ሆዱ ደርቆ ነው ብዬ ተልባ አጠጣሁት፤ አብሽ አጠጣሁት፤ ሆዱን በቅቤ አሸሁት። የእንስሳት ሐኪሟን የጠራኋት በሦስተኛው ቀን ነው። ገና ወጣት ልጅ ናት። ሆዱን ዳበሰችና ፊቷ ጠቆረ። ሙክቴ በዚያው ቀን ሞተ።

ሐኪሟ ሆዱን ከፍታ አሳየችኝ። ፊኛው ውስጥ አሸዋ የመሰለ ነገር አለ፤ የሽንቱ መውጫ ጫፍ ላይ ደግሞ የተከካ ምስር የምታህል ጠጠር ተወትፋለች። መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«የገደለችው ይች ናት?» አልኋት።

«ይች ናት፣ እናቴ።»

«ይህን የሚያህል ሙክት ይችን በምታህል?»

«ወንዱ መውጫው ጠባብ ነው። ለመሆኑ ምን ያበሉት ነበር?»

ነገርኋት። ራሷን ነቀነቀች። «ለሌላ ጊዜ ፉርሽካውን ይቀንሱለት፤ ድርቆሽና ሣር ይቀላቅሉለት። ጨው ያስልሱት፣ ጨው ከላሰ ይጠማዋል። ከዚያ ውሃ ነው፣ እናቴ፤ የቻለውን ያህል ውሃ» አለችኝ።

እኔም አመስግኜ ሸኘኋትና በሆዴ «ምስኪን፣ ገና ልጅ ናት» አልሁ። ውሃ መድኃኒት ነው ብሎ የሚል ሐኪም አይቼ አላውቅማ! በተለይ በእኛ አገር። ክረምት የመጣ እንደሆነ ሜዳው ሁሉ ሐይቅ ይሆናል፤ ውሃው ጓዳ ድረስ እየገባ ድስት ያንሳፍፋል። ጥም የሚባል ነገር እኛ ዘንድ በሽታ ያመጣል ብሎ ማን ያምናል?

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ሥጋት አትጠይቁኝ። ስጦታ ባስነጠሳት ቁጥር ዓይኔ ወደ ደብሩ ይዞራል። ስትስል «በጌን አምጭ» የተባልሁ ይመስለኛል። የንስሐ አባቴ መምሬ ካሣ «ልጄ፣ እመቤታችን ክፉ አበዳሪ አይደለችም፤ ሌላ በግ ብታስገቢም ትቀበልሻለች» ብለውኝ ነበር። እሳቸው ግን ለሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚሉ፤ ደግ ሰው ናቸው። ደግ ሰው ደግሞ አያስተማምንም። ባሌ ደስታውም «ከገበያ አንድ ድልብ ገዝተን እናስገባ» ሲለኝ «በገዛ እጄ ብያለሁ!» ብዬ ጮህሁበት። «እና ማርያም እጅሽን ልታሸት ነው?» አለኝ። ሁለት ቀን አላናገርሁትም።

ፋሲካ እንዳለፈ ሦስት ሙክት ያዝሁ። ነጩ የማርያም ነው፤ ስሙን አደራው አልሁት። ጥቁሩና ዝንጉርጉሩ የቤት ናቸው። ከዚያ በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ጠጠር ገና ሳይቋጠር የሚከላከል መድኃኒት። ሐኪሟ ያለችውን ጨውና ውሃ፣ እንዳትቀየመኝ ያህል፣ ለአደራው ብቻ መስጠት ጀመርሁ። ዋናውን መድኃኒት እስካገኝ ድረስ ማቆያ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ አስረበብ ሸክላ ሠሪ ናት። እጇ ጭቃ ውስጥ ሳለ ያልሰማችው ወሬ፣ የማታውቀው ቅጠል የለም። «ግራዋ ወቅጠሽ በሲኒ ጋችው፤ ድንጋይ ያሟሟል» አለችኝ። ሌላዋ ጎረቤት ደግሞ የበቆሎ ጸጉር ተፈልቶ ቢጠጣ ኩላሊት ያጥባል አለች። እኔ ግን አንዴ ተነክሻለሁ። የሰው ወሬ ይዤ የማርያምን በግ ቅጠል አላግትም። ልሞክረው ከሆነ በቤቱ በጎች ልሞክር፤ የበጀውን ለአደራው እሰጠዋለሁ።

«ታዲያ መብጀቱን በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ አስረበብ።

«በሽንቱ ነዋ። በደንብ ከሸና ጠጠሩ ምን ጊዜ አግኝቶ ይቋጠራል?»

«ሽንቱን በምን ትለኪዋለሽ?»

እጇ ላይ ያለውን ጭቃ አየሁት። አስረበብ ጭቃዋን ትታ ቀና አለች። «ኧረ ተይኝ፣ አንች ሴትዮ! ማሰሮ ሠርቻለሁ፣ ጋን ሠርቻለሁ፤ በግ የሚሸናበት ሸክላ ግን ሠርቼ አላውቅም!»

ለሁለቱም ሠራችልኝ። ሰፊ፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ፣ ውብ ገበታ ነበር፤ ሰው ቢበላበት ያምር ነበር። ጥቁሩ መጀመሪያ አሸተተው፤ ቀጥሎ ወጣበት፤ ቀጥሎ ገበታው ሁለት ሆነ። ዝንጉርጉሩ የራሱ እስኪቀርብለት እንኳ አልጠበቀም፤ ሳወርደው በግንባሩ መታው። አስረበብ ስባሪውን እየለቀመች «ንገሪያቸው፣ የእኔ ሥራ እንዲህ አይናቅም» አለች። ነገርኋቸው፤ የሰሙኝ ግን አልመሰለኝም።

ከዚያ አመድ ትዝ አለኝ። ማታ ከሦስቱም ሥር አመድ ነስንሼ አድራለሁ፤ ጧት የረጠበውን በስንዝር እለካለሁ። እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ በመቁጠር ግን ማንም አይበልጠኝም። በጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል እጽፋለሁ፦ ለአንድ ስንዝር አንድ መስመር። ጥቁሩ ምልክቱ የጠቆረ ክብ፣ ዝንጉርጉሩ ነጠብጣብ፣ አደራው መስቀል። ባሌ ጧት ጧት በረቱ ውስጥ ተንበርክኬ በስንዝር ስለካ አይቶኝ ምንም አላለም። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ነው፤ ምን ይላል?

ጥቁሩ ግራዋውን በሲኒ ተጋተ። ሁለት ሰው ይዞት፣ አንዷ እኔ፣ ሌላዋ አስረበብ፤ ግማሹ እሱ ሆድ ውስጥ፣ ግማሹ እኛ ቀሚስ ላይ። አንድ ሳምንት ሙሉ ለካሁ። ከአንድ ስንዝር ፈቀቅ አላለም። ግራዋው ያመጣው ለውጥ ቢኖር ጥቁሩ እኔን ሲያይ ወደ ግድግዳ መዞሩ ነው።

ቀጥሎ የበቆሎ ጸጉር። እሸት በደረሰበት ሰሞን ነበር፤ ጸጉሩ እንደ ልብ ነው። ዝንጉርጉሩን ልጀምርለት ስል እጄ ፈራ። ግራዋን እንስሳ ሲጋት አይቻለሁ፤ የበቆሎ ጸጉር የጠጣ በግ ግን አይቼ አላውቅም። ይመርዘው እንደሆነስ? በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁ ባሌ ሩዙን ሲያርም ውሎ ገባና እንደ ሁልጊዜው «ወይ ጎኔ! ወይ ኩላሊቴ!» እያለ መደቡ ላይ ተዘረረ።

አየሁት። ከሦስቱም ትልቁ ወንድ እሱ ነው። ኩላሊትም ያው ኩላሊት ነው። ደግሞስ የበቆሎ ጸጉር ሰው ይጠጣዋል ነው የተባልሁት፤ በግ ይጠጣዋል አልተባልሁም።

በማግሥቱ አፈላሁለት። ቀምሶ ፊቱን ቋጠረ።

«ይህ ሻይ ምነው ሣር ሣር አለኝ?»

«አዲስ ቅጠል ነው» አልሁት። አልዋሸሁም።

«ምነው ጧት ብቻ ሦስት ብርጭቆ?»

«ትደክማለህ ብዬ ነዋ፣ አያ ደስታው!»

«አያ» ስለው ደስ ይለዋል። ጠጣ። ቀን ደግሞ ማሳው ድረስ በጆግ ወሰድሁለት። ግድግዳው ላይ ደግሞ አራተኛ ምልክት ጨመርሁ፤ ዱላ ሣልሁለት። ወጣ ባለ ቁጥር አንድ መስመር።

በሦስተኛው ቀን ባሌ የሩዙ ማሳ ውስጥ መቆም አቃተው። አንድ መደዳ ያርማል፣ ወደ ዳር ይሮጣል። ተመልሶ ይጎነበሳል፣ ደግሞ ይሮጣል። አብረውት የሚያርሙት ጎረቤቶች ሥራቸውን ትተው ይስቃሉ። «አያ ደስታው፣ ሩዙ ውሃ አንሶት ነው?» «ኧረ ተው፣ ማሳው ሞልቷል፣ ሊያጥለቀልቀን ነው!» ማታ ሲገባ አልሳቀም። ጭብጦ እንኳ ሳይቆርስ ቁጭ አለ።

«ስኳር ይዞኛል» አለኝ።

«ምን?»

«የስኳር በሽታ። ውሃ ሽንት የሚያበዛው እሱ ነው፤ ሰምቻለሁ።»

ልናገር አልሁና ተውሁት። ነገ እነግረዋለሁ አልሁ። በነጋታው እሱ ሻዩን ያለ ስኳር አድርጊልኝ አለ፤ እንዲያውም አብዥልኝ፣ ይጠማኛል አለ። በሳምንቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄ ሰባት ቀን ልጠመቅ አለ። በአሥረኛው ቀን ደግሞ ብርቄን ከወረታ አስጠራትና «መምሬ ካሣን ጥሪልኝ፤ ቃሌን ልስጥ» አላት። ብርቄ ስጦታን እንዳዘለች እንባዋ ወረደ። እኔ ጓዳ ውስጥ ቆሜ በእጄ የበቆሎ ጸጉር ይዤአለሁ።

«አባየ፣ ምንህን ነው የሚያምህ?» ትላለች።

«ምኔንም አያመኝም። እሱ ነው የሚያስፈራው» ይላል።

ብርቄ ውሃ ልታመጣለት ጓዳ ገባች። ግድግዳውን አየች። ቀረብ ብላ አየች። ብርቄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ናት፤ ምንም ነገር አያመልጣትም።

«እማየ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የበጎቹ ሽንት ነው።»

«ክቡ?» «ጥቁሩ።» «ነጥቡ?» «ዝንጉርጉሩ።» «መስቀሉ?» «አደራው።»

«ዱላውስ?»

በከሰል የጠቆረ ጣቴን በቀሚሴ ጠረግሁ። ከመደቡ ላይ ድምፅ መጣ። «ዱላው ማን ነው?» ባሌ ነው፤ ለሞት የተዘጋጀው ሰው ብድግ ብሎ ጓዳው በር ላይ ቆሟል። መስመሮቹን ከላይ እስከ ታች ተመለከታቸው። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን የበቆሎ ጸጉር ተመለከተ።

«ከበግ ጋር ቆጠርሽኝ?»

«ከሁሉም ትበልጣለህ!» አልሁት። እውነቴን ነው፤ የእሱ መስመር ግድግዳው አልቆ ወደ በሩ ዞሯል።

ይመታኛል ብዬ አይደለም የፈራሁት፤ መትቶኝ አያውቅም። ጥሎኝ ወንዛዬ የሚሄድ መሰለኝ። ብርቄ በነጠላዋ አፏን አፍና ትንዘፈዘፋለች፤ ስታለቅስ ነው ስል እየሳቀች ነው።

«ጎንህስ?» አልሁት ቀስ ብዬ።

አሰበ። ወገቡን ወደ ግራ አዞረ፤ ወደ ቀኝ አዞረ። «ጎኔማ ትቶኛል» አለ፤ ሲናገረው ግን እንደ ተበደለ ሰው ነው። ከዚያ ተቀመጠና «በይ ቅጅልኝ፤ ስኳር ጨምሪበት» አለኝ።

ያን ዕለት ብርቄና እኔ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብለን አወራን። እስከዚያ ድረስ ዝንጉርጉሩም፣ ባሌ በመርዝ አለመሞቱን አይቼ፣ የበቆሎ ጸጉሩን በባልዲ ጀምሮ ነበር፤ ሦስት አራት ስንዝር ይሸናል። ጥቁሩ ግራዋውን በሲኒ እየተጋተ እዚያው አንድ ስንዝር ላይ ነው።

«የበቆሎ ጸጉር አሸንፏል። ከነገ ጀምሮ ለአደራው እሰጠዋለሁ» አልኋት።

«ቆይ እማየ፤ መስቀሉን ቁጠሪው እስቲ።»

ቆጠርሁት። አደራው አንድም ቅጠል በአፉ ሳይዞር፣ ጨው ብቻ እየላሰ፣ ውሃ ብቻ እየጠጣ፣ ከዝንጉርጉሩ እኩል ነው። እንዲያውም ሁለት ቀን በልጦታል። ደጋግሜ ቆጠርሁት። ከሰሉ አልዋሸም።

«ስለዚህ?» አልሁ።

«ስለዚህ ቅጠሉ አይደለም፣ ባልዲው ነው» አለች ልጄ።

ፈሪ ሰው ግን በአንድ ቃል አያምንም። በማግሥቱ ጥቁሩን ግራዋ አስቀርቼ ጨው አስላስሁት፤ ባልዲ ሙሉ ባዶ ውሃ አቀረብሁለት። መጀመሪያ ግራዋ መስሎት ግድግዳውን አየ። ከዚያ ቀመሰ። ከዚያ ባልዲውን አንዳች ሳያስቀር ጠጣው። በሦስተኛው ቀን አመዱ ላይ ሦስት ስንዝር ተኩል! አስረበብን ጮኼ ጠራኋት፤ እጇ በጭቃ እንደተለወሰ ሮጣ መጣችና ሁለታችንም በረቱ ውስጥ ተንበርክከን አየን። ሐኪሟ በአንድ ትንፋሽ የነገረችኝን እኔ ሦስት በግና አንድ ባል ፈጅቶብኝ ደረስሁበት። ቢሆንም የደረስሁበት እኔ ነኝ፤ በስንዝሬ።

ፉርሽካውን ቀነስሁ፤ ድርቆሽ ጨመርሁ። ወራቱ አለፉ። ሩዝ ታጨደ፣ ተወቃ። የአደራው ላት እየሰፋ እየወረደ፣ ሲራመድ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ይጎተት ጀመር። በጥር ማርያም ዋዜማ አጠብሁት፣ ማተቡን አሰርሁለት። እዚህ ላይ ነው ቂልነቴ የበላኝ።

ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ ጦሙን ይሄዳል አይደል? እኔ ጦሜን ነኝ፤ ባሌ ጦሙን ነው። ታዲያ በጉ እህሉንና ውሃውን ጠግቦ፣ እያገሳ ማርያም ፊት ይቅረብ? ደግሞስ ደጀ ሰላሙ ላይ ቢሸናስ? ዘጠኝ ወር ሽና ሽና ስል የኖርሁት ሴትዮ በመጨረሻው ቀን አትሽና ብዬ ከማታ ጀምሮ ውሃም ድርቆሽም ከለከልሁት።

ደብሩ በሰው ተሞልቷል። ስለት የሚያስገቡ ሰዎች በአጥሩ በር ተሰልፈዋል፤ መምሬ ካሣ የድምፅ ማጉያውን ይዘው የእያንዳንዱን ስለት ያሰማሉ፤ ሕዝቡ እልል ይላል። እኔ ከአጥሩ ውጭ አደራውን ይዤ ቆሜ ድንገት ትዝ አለኝ፦ ዛሬ ጧት አልሸናም። መንገድ ላይም አልሸናም። አሁን ፀሐዩ ወጥቷል፤ አልሸናም። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጀርባው ትንሽ የጎበጠ መሰለኝ። አማተብሁ። ያው ጠጠር! በሩ ላይ ደርሶ!

«የብርቄ እናት፣ ተራሽ ነው፤ ስለትሽን አስገቢ» አሉ መምሬ ካሣ።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ አባ።»

«ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ጠጋ አሉኝ፤ ማጉያውን እንደያዙ።

«አልሸናም!» አልሁ።

ድምፄ ከአጥሩ አልፎ፣ ከባሕር ዛፉ አልፎ፣ ሩዝ ማሳው ላይ ተንከባለለ። የደብሩ ሰው ሁሉ ዞረ። ባሌ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ድረስ ሳበው። መምሬ ካሣ ማጉያውን በመዳፋቸው ከደኑና «ማን ነው ያልሸናው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«በጉ፣ አባ! ጠጠር ይዞት ከሆነ የታመመ በግ ለእመቤቴ አላስገባም! አምና ሞተብኝ፣ ዘንድሮም ሊሞትብኝ ነው፤ የልጄ ልጅ…» እንባዬ መጣ።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ነጠላ የለበሰች ልጅ እየገፋች መጣች፤ ሐኪሟ ናት። የአደራውን ሆድ ዳበሰችው። «ሆዱ ልስልስ ነው። ዛሬ ውሃ ጠጥቷል?»

«ዛሬማ እንዴት ይጠጣል? ጦሙን ነው እንጅ!»

«ማን ነው ጦሙን?»

«በጉ ነዋ! ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው የመጣው።»

መጀመሪያ የሳቀችው አስረበብ ናት። ከዚያ የበሩ ሰው ሁሉ። መምሬ ካሣ ግን አልሳቁም፤ ጢማቸው ብቻ ተንቀጠቀጠ። መስቀላቸውን አወጡና ወደ አደራው ዞሩ። «በግ ጦም የለበትም። ካለበትም እኔ ፈትቼዋለሁ። አጠጭው፣ ልጄ።»

አስረበብ ጀሪካን ውሃና ሳፋ አመጣች። አደራው ጠጣ፤ ጠጣ፤ ቀና አለና እንደገና ጠጣ። ሐኪሟ «አሁን እንጠብቅ» አለች። ጠበቅን። መምሬ ካሣ የሌሎቹን ስለት ቀጠሉ፦ ጥላ፣ ምንጣፍ፣ ጧፍ። ግን ማንም ወደ ጥላው አያይም፤ የሰዉ ዓይን ሁሉ በጌ ላይ ነው። ብርቄ ስጦታን እንዳዘለች አጠገቤ ቆማ እጄን ያዘችኝ። አደራው በአጥሩ ጥግ ተኛ። ሰልፉ አለቀ። እኔ ስንት ጊዜ «እመ ብርሃን» እንዳልሁ አላውቅም።

በመጨረሻ ተነሣ። ጀርባውን ለጠጠ፤ ጎኑን ነፋ፤ እግሩን ከፈት አደረገ። ሸና! እንዴት ያለ ሽንት! እንደ ክረምት አሸንዳ ወረደ። እየወረደ፣ እየወረደ፣ አፈሩን እየቦረቦረ፤ ስንዝሬ ሳላስበው ተዘረጋ። እልልታዬ ከጉሮሮዬ ፈንቅሎ ወጣ። አስረበብ ተቀበለችኝ፤ ብርቄ ተቀበለች፤ የሴቶቹ ወገን በሙሉ አስተጋባ። ከውስጥ ያሉት፣ በሩ ላይ የሆነውን ያላዩትም፣ እልል አሉ። ባሌ ነጠላውን ከዓይኑ ገለጠና ያጨበጭብ ጀመር።

መምሬ ካሣ ማጉያውን አነሡ። «ይህች እናት ዘጠኝ ወር በገዛ እጇ ያደለበችውን ሙክት፣ እንደ ቃሏ፣ ጤነኛውን…» እዚህ ላይ ትንሽ ቆም አሉና «በእውነት ጤነኛውን አስገብታለች!» አሉ። ገመዱን አስረከብሁ። የአደራው ላት በደጁ አፈር ላይ መስመር እያሰመረ ገባ። ስጦታ በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና በጉን እያየች ትስቃለች። ያን ዕለት እኔም ተገላገልሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሰው አይጠፋበትም። «የበጉ መድኃኒት ምንድን ነው?» ይሉኛል። «ጨውና ውሃ ነው፤ ፉርሽካውን ቀንሱለት» እላለሁ። ፊታቸው ይከስማል። «ደበቀችን» እያሉ ይወጣሉ። ሁለቱ ተቀይመውኛል፤ አንዷማ ሰላምታ ነሣችኝ። ጨነቀኝ። ስለዚህ ካደረቅሁት የበቆሎ ጸጉር በጨርቅ ቋጥሬ መስጠት ጀመርሁ። «ይህን በሁለት ባልዲ ውሃ ትዘፈዝፊዋለሽ። ጨው አስልሰሽ ታቀርቢለታለሽ። ውሃው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ካልተጠጣ አይሠራም። ፉርሽካ ከበዛበትም ኃይሉ ይከሽፋል» እላለሁ። እየመረቁኝ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ጀርባውን ያጎበጠ ሙክት አላየሁም።

በቀደም ሐኪሟ ሰምታ መጣች። ጨርቁን ፈትታ ጸጉሩን አየች፤ አሸተተችው፤ ከት ብላ ሳቀች።

«እናቴ፣ እኔ በየቤቱ እየዞርሁ ውሃ አጠጡ ብዬ ስለፈልፍ ማንም አልሰማኝ። እርስዎን እንዴት ሰሙዎት?»

«ጸጉር አልጨመርሽበትማ፣ ልጄ» አልኋት።